ሰባ ሰባት ተኩል

የሰኔ ዮሐንስ ሌሊቱ ሲጋመስ፣
የስትራንጃ ባሉጥ ጫካው ሳይተነፍስ፣
ስታና ቀሰቀሰችኝ፣ ትከሻዬን ነክታ፤
«ተነሽ» አላለችም፤ ዛሬ ቃል ዕዳ ነው፣ ይበልጣል ዝምታ።

ልጄ ቦያን፣ ጎርፉ በራችንን ከገነጠለው ወዲህ፣
እንቅልፉ እዚያ ማዶ ቀርቶ፣ እሱ ብቻ ነው ወዲህ።
ቡርጋስ ያለው ሐኪም ደረቱን አዳምጦ፣
«ምንም የለበትም» አለን፣ ዓይኑን በባትሪ ገልጦ።
ያ «ምንም» ግን ሌሊት ሌሊት ይጮኻል፤
ትራሱን በጥርሱ ነክሶ ይንቀጠቀጣል።

ስታና እንዲህ ትላለች፣ አያቷ እንዳሉት፦
«ሰባ ሰባት ተኩል ነው የደዌ ሁሉ ብዛት።
ሰባ ሰባቱ ስም አላቸው፣ ቅጠልም አላቸው፤
በስማቸው ስትጠሪያቸው ይወጣሉ፣ አትፍሪያቸው።
ያ ግማሹ ነው ክፉ፤ ስም አላወጡለትም፤
መድኃኒቱም ግማሽ ቅጠል ነው፤ ፈልገሽ አታገኚውም።»

በጨለማ ለቀምን፤ በሶብላ ከአጥሩ፣ ጦስኝ ከገደሉ፣
ጤና አዳምና አሪቲ፣ ጤዛ እንዳዘሉ።
በመሐረቧ ቋጥራ ሽርጤ ላይ ጣለች፤
ከዚያ በጣቷ ብቻ ምንጩን አሳየች።

ሕጉን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፦ ሲቀዳም ዝም፣ ሲሸከሙትም ዝም፤
ባልዲው መሬት አይነካም፣ ዞረው አያዩም፣ ሰላምታ አይመልሱም።
አንዲት ቃል ካመለጠች ውሃው ውሃ ብቻ ይሆናል፤
ሳሕን ይታጠብበታል።

ቀዳሁ በእናቴ መዳብ፣ እጀታው ላይ ቀይ ክር አስሬ፤
አንድ ጎኑ የተሰረጎደ ነው፣ አልተቃናም እስከ ዛሬ።
ከቀብሯ ማግስት ነው፤ እኔና ግሮዝዳና
«ለኔ ብላለች»፣ «ለኔ» ስንል፣ ስንጓተት እንደገና፣
አምልጦን የወደቀ ነው፣ ከደረጃው ላይ።
ዘጠኝ ዓመት ሆነው፣ ዓይን ለዓይን ሳንተያይ።

ድልድዩ ላይ አንዲት ሴት ሻንጣ ይዛ ቆማለች፤
ከንጋቱ አውቶቡስ ወርዳ። «ዳፊና» አለች።
ሁለት ቃል ተጋፋ ጉሮሮዬ ላይ፦
አንዱ «እህቴ» ነው፤ አንዱ «ሂጂልኝ፣ ፊትሽን አልይ»።
የቱ ይወጣ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።
ውሃው ነው የገታኝ፤ ደግነቴ አይደለም።

እሷም የዚያው መንደር ልጅ ናት። ቀዩን ክር አየች፤
ስርጉዱን አየች፤ አንገቷን ደፋች።
ያን ማይ ከማየት በቀር ምንም አልተፈቀደ፤
ሻንጣዋን ከመንገድ ዳር ጣለችው፣ እጇ ወደ እጀታው ሄደ።
የተጓተትንበትን ግራና ቀኝ ይዘን፣
ዳገቱን ወጣን፤ ጫማዋ ሲጢጥ ሲል ሳቃችንን ውጠን።
አንድ ዓመት፣ ልጆች ሳለን፣ እዚሁ ዳገት ላይ ስቀን፣
ውሃው ተበላሽቶ፣ እናታችን በሳማ ገርፋን ነበር፣ ሁለታችንን።
ያን የሳማውን ለት እሷም አስታወሰች መሰለኝ፤
አልጠየቅኳት፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ብቻ ታየኝ።

ፀሐይ ፊቷን ታጥባ ከባሉጡ ስትወጣ፣
ስታናም ርጥቡን ቅጠል ከመዳቡ ስታወጣ፣
ልጄ ዓይኑን ጨፈነ። ከራሱ እስከ ጥፍሩ ሦስቴ አበሰችው፤
እጣቢውን፣ ሰው በማይረግጥበት፣ ከፕሪሙ ሥር ደፋችው።
«በሉ፣ አሁን ተናገሩ» አለችን።

ዘጠኝ ዓመት የደረደርኩት ቃል አንዱም አፌ ላይ የለም።
እህቴ ናት የጀመረች፦
«ምንጩ ዘንድሮም ይቀዘቅዛል?»
«ይቀዘቅዛል።»

ተአምር አላወራም። ቦያን ያን ለት እስከ ማታ ተኛ።
በሳምንቱ ደግሞ ጮኸ፤ አንዴ ብቻ።

ሽርጤን ሳጥብ ከኪሱ ግማሽ ቅጠል አገኘሁ፣ የደረቀ፤
ከየት እንደመጣ፣ ከምን እንደተቀነጠሰ ያልታወቀ።
ግሮዝዳና ስትመለስ ባልዲውን አልጠየቀች፤
እኔም «ውሰጂው» አላልኩ።
ደጃፉ ላይ አፉን ደፍቶ ይደርቃል፣
ስርጉዱን ወደ መንገዱ አዙሮ።