ጸደቀ

ካርታው ተዘረጋ፣ ከዋርካው ጥላ ሥር፣
አራት ድንጋይ ጭነን፣ ነፋስ እንዳይደፍር።
«ቢጫው መኖሪያ ነው፣ ሐምራዊው ፋብሪካ»
አልኩኝ በእስክሪብቶ፣ ቀለሙን ስነካ።

ሸህ እንድሪስ ሳቁ፦ «ቢጫማ እናውቃለን፤
ኅዳር በጤፍ ማሳ፣ እኛም እንቀባለን።
ዞን ሲባል የማውቀው፣ ደቡብ ወሎን ነበር፤
እንዴት ገባ ዛሬ፣ በኔ ጎመን አጥር?»

የካሳውን ቀመር፣ ሳነብ ድምፄ ራደ፤
ጥማዱ በካሬ፣ ተመንዝሮ ሄደ።

ጦይባ ግን አልሳቀች፣ ካሳም አልጠየቀች፤
ከቢጫው መሐል ላይ፣ ጣቷን አሳረፈች።
«እዚህ ጋ ምን አለ?»
«የውስጥ ለውስጥ መንገድ።»
«ነሐሴ ላይ እዚህ፣ ውኃ ነው የሚወርድ።
ከሰማይ በጥር ወር፣ ፎቶ ያነሳ ሰው
ምን ያውቃል? በጥርማ፣ ቦርከናም መንገድ ነው።»

የሷን ቃል ኮምቦልቻ፣ አደረስኩ ሲነጋ፤
«ሕዝቡ ተወያይቷል»፣ አሉ ዶሴ ሲዘጋ።

ኀሙስ ዕለት ፕላኑ፣ ጸደቀ ተባለ።
ለጦይባ ስነግራት፣ ስልኩ ዝም አለ።
ኋላ ግን፦
«ይጽደቅ፤ የጸደቀ፣ ውኃ ይፈልጋል፤
አብሽር፣ በነሐሴ፣ በራሱ ይመጣል።»