የሸሚዜ እጅጌ

ሩዙ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ ጠጥቶ፣ አብጦ፣
ምስሩ ልጣጩን አውልቆ ነጭ ገላውን ገልጦ፣
ተራ ይጠብቅ ነበር ከወፍጮው ጎን ተቀምጦ።

ፖንማኒ ማብሪያውን ነካች።
ሞተሩ አጓራ፣ ፎከረ፣ ቤቱን በጩኸት ሞላው፤
ሦስቱ ድንጋዮች ግን፣ ወይ ፍንክች! አንዱም ከቦታው።

"ነገ ሳጋያራጅ ይየው፤ ሱቁ ከድልድዩ ማዶ፣"
አለችኝ ድስት እያማሰለች፣ ድምፅዋ ለስልሶ፣ ወርዶ።
እኔን! ሠላሳ ዓመት ሙሉ በኮይምባቶር ፈትል ፋብሪካ
የሺህ እንዝርት ማሽን ሕመም በጆሮዬ ስለካ፣
ከመሐንዲሶቹ ቀድሜ በሽታውን ስነካ
የኖርሁትን ሰው!

መፍቻዬን ከአልጋ ሥር ሳብሁ፣ ወለሉ ላይ ጋዜጣ አነጠፍሁ፤
ጉልበቴ ቋ አለ፤ ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች፣ አለፍሁ።
ሆዱ ሥር ስድስት ብሎን፤ አምስቱን በቀላሉ ፈታሁት፤
ስድስተኛውን የኮኮናት ዘይት አጠጥቼ ጠበቅሁት፣
ለራሴ ፀጉር የምሰስተውን ለዝገት አንቆረቆርሁት።

ክዳኑን ሳነሣ ሸተተኝ፦ ጎማ፣ የከረመ ሊጥ፣ አቧራ፤
አንድ የሞተ በረሮ፣ እግሩን ሰቅሎ ለምሕረት የሚጣራ።
ቺንጋው ላልቷል፣ እንደ ከሳ ሰው ቀበቶ፤
ሞተሩ ለብቻው ይሮጣል፣ ድንጋዩን ከኋላ ትቶ።

"ተገኘ!" ብዬ ጮህሁ። ሞተሩን ላጠብቅ እጄን ስከት
ከመቀመጫው ሥር አንድ ጨርቅ፦ አራቴ የታጠፈ ሽብልቅ፣ ግማሹን የበላው እሳት።
ጠርዙ ጠቁሯል። መሐሉ ግን አረንጓዴ፣ ባለ ነጭ መስመር፤
እጅጌ ነው! ቁልፉ እንኳ አለ፣ እኔው የተከልሁት በጥቁር ክር።

የጠፋው ሸሚዜ።
ሦስት ዓመት ሆነው። ለእህቴ ልጅ ሠርግ የገዛሁት፤
ሁለቴ ለብሼው ጠፋና ቬላይያንን ያሳጣሁት፣
አጣቢውን፣ ደጁ ቆሜ፣ በሠፈር ፊት "ሌባ" ያልሁት፤
እሱም ካውያውን አስቀምጦ፣ የከሰሉን አመድ እፍ ብሎ፣
"ወንድሜ፣ ሰርቄስ የት እለብሰዋለሁ?" ያለኝ፣ አንገቱን አዘንብሎ።
ከዚያ ወዲህ ልብሴን ሌላ ቤት ነው የማስተኩስ፤
በደጁ ሳልፍ ደመና እቆጥራለሁ፣ ቤቴ እስክደርስ።

ዞር አልሁ። ሽንኩርት ትልጣለች፣ ዓይኗን ሳታነሣ ወደ ላይ።
"ያኔ የሌሊት ፈረቃ ነበርህ። ቺንጋው ላላ፣ ሊጡ ግማሽ መንገድ ላይ።
በቢላ ጫፍ ብሎኑን ፈታሁ። የቀረበኝ ጨርቅ እሱ ነበር፣ ከገመዱ ላይ።"

"ቬላይያንን ስሰድበውስ?"

"ልነግርህ ነበር። ግን የፋብሪካው የማሽን ጌታ
ቤቱ ያለው ወፍጮ በቢላ መጠገኑን ቢሰማ፣ እንቅልፍ ይወስደው ነበር ማታ?
ከዚያ ቀን በቀን ላይ ሲደረብ፣ ነገሩ እንደ ሊጡ ኮመጠጠ፤
ደግሞ ሦስት ዓመት ፈጭቷል፤ የሱቁ ዕቃ በምን በለጠ?"

መልስ አጣሁ። ሽብልቁን አገላብጬ አየሁት፦
ልኩ ልክ፣ እጥፋቱ ንጹሕ።
ፋብሪካ ቢሆን ይህን ላጠፈ እጅ እድገት እጽፍለት ነበር።

መቀስ አመጣች። የለበስሁትን አየች።
ግራ እጅጌዬን በስንዝሯ ለካች።
ምንም አላልሁም፤ ክንዴን ዘረጋሁ።
ቀጭ።

አዲሱን ሽብልቅ እሷ አጠፈች፣ እኔ ሞተሩን ወጠርሁ፤
"ትንሽ ወደ አንተ" ስትል ሳብሁ፣ "በቃ" ስትል አሠርሁ።
ድንጋዮቹ አንዴ ተንገራገጩ፣ ከዚያ ሦስቱም እኩል ዞሩ፤
መጀመሪያ ምስሩ አረፋ ሆነ፣ ከዚያ ሩዙ፣ በየተራቸው ተሞሸሩ።

ጋዜጣው ላይ አንድ ብሎን ተርፏል።
ፖንማኒ አንሥታ የስኳር ጣሳው ውስጥ ጨመረችው።
አልጠየቅሁም።

ጠዋት፣ ግራ ክንዴ እስከ ትከሻው ራቁቱን፣
ስድስት ትኩስ ኢድሊ በሙዝ ቅጠል ሸፍኜ፣
የተቃጠለውን ጨርቅ በኪሴ፣
ቬላይያን ደጅ ደረስሁ። ከሰል ያራግብ ነበር።
ቀና አለ። ሳህኑን አየ፤
ቀጥሎ የተቆረጠውን ሸሚዜን።

"ይሄንንም" አለኝ፣ "የወሰድሁት እኔ ነኝ?"