የበጎ ፈቃድ ክንፍ

አሞራ ገደል ላይ ስማችን ሌላ ነው፤
"የሰማይ ባጃጆች" ይለናል ሁሉም ሰው።
"ጡረተኛ ሹፌር፣ ሥራ ፈት መምህር፣
በሰው ቤንዚን በርሮ ጉማሬ ሊቆጥር!"
ብርቱካንማ ሰደርያ ያየ ሁሉ ሳቀ፤
አባ ኮዳ እንኳን ራሱን ነቀነቀ።

ሐሙስ ሌሊት ጠፋች የቡሪሶ ጀልባ፤
እናቱ ዳር ነጋባት፣ ቤቷ ሳትገባ።
ጎህ ሲቀድ ተነሣን፤ በታቦር ተራራ
ጥላችን ሲሻገር ማንም አልተጣራ።
ፊላው ዳር ስንዞር ላላምዶ ጠቆመ፤
ባዶ ጀልባ ብቻ።
ድምፄ ተለጎመ።

ከዚያ ወዲህ ሰዉ፣ ካለበት ተነሥቶ፣
ሻይ ይከፍልልናል ስማችንን ጠርቶ።
ግን ሞተር ሲነሣ ዓሣ ተራው ቆሞ
ጀልባውን ይቆጥራል ከንፈሩን ገጥሞ።

እባካችሁ ሳቁ፤ "ባጃጅ" በሉን ደግሞ።