ተሰክቷል፣ አይሞላም

በታርቱ ታኅሣሥ፣ ገና ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ሲመሽ፣
ማይሙ በሬን መታች፣ የወንድሟን ላፕቶፕ
በሻርፕ ጠቅልላ፣ በረዶ እንዳይነካው፣ እንዳይበላሽ።
«ታኔል፣ ተመልከተው፣» አለች ጫማዋን ሳታወልቅ፣
«ይኼ ዕቃ አብዷል፤ ምን እንደሚል እንኳ አያውቅ።
ሽቦው ተሰክቷል፤ መሰካቱን ራሱ ያምናል፤
መልሶ ደግሞ ‹ተሰክቷል፣ አይሞላም› ይለኛል።
ትናንት ሰማንያ። ሌሊቱን ሙሉ ሰክቼ ደጅ ጠናሁት፤
ዛሬም ሰማንያ። አንዲት እንኳ ሳይጨምር አገኘሁት።»

ከጠረጴዛው አኖርነው፣ ከድንቹ ልጣጭ ጎን፤
በማዕዘኑ ያለችውን የባትሪ ሥዕል አፍጥጠን አየን።
መብረቅ የምትመስል ምልክት ብቅ ትላለች፣
ወዲያው ትጠፋለች፤
እውነቱን ልትናገር አፏን ከፍታ
ቃሏን መልሳ የምትውጥ ምስክር ትመስላለች።

እኔም እንደ አዋቂ ጠረጠርኩ ሽቦውን፤
ሶኬት ቀየርኩለት፤ እፍ አልኩኝ አቧራውን፤
አጥፍቼ አስነሣሁት። ያው ቃል። ያው ቁጥር።
«ሊኑክስ አይዋሽም» እያልኩ ለጎረቤት ስሰብክ የኖርኩ ሰው፣
ሐፍረቴን ዋጥኩኝ፣ ሳልናገር።

ካልዩ፣ ወንድሟ፣ የቦይለር እሳት ጠባቂ ነበረ።
በጥቅምት ሲያርፍ ይህን ላፕቶፕ፣ አንድ ብስክሌት፣
ሦስት ማሰሮ ኮምጣጣ ጎመን አስቀረ።
ቋጣሪ ነው ይሉታል፤ ብርጭቆ ሞልቶ አይቀዳም ለሰው፤
ከአፉ ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ ያቆማል፤
ለምን ቢሉት መልስ የለው።
ማይሙም አንድ ጊዜ፣ በልደቷ ቀን፣ ወይን ሲቀዳላት፣
«ጎደሎ ወንድም፣ ጎደሎ ብርጭቆ» አለችው በሰው ፊት።
ይህን የነገረችኝ እሷው ናት፤
ልጣጩን በጣቷ እየቆራረጠች፣ ቀና ሳትል ወደ እኔ ፊት።

ጥቁሩን መስኮት ከፈትኩ፤ ትእዛዝ ጻፍኩ፤ መዝገብ ገለበጥኩ፤
ከስንት መስመር በታች አንዲት ፋይል አገኘሁ፤ ጮክ ብዬ አነበብኩ፦
‹መሙላት ጀምር፦ ሰባ አምስት። መሙላት አቁም፦ ሰማንያ።›
ከሥሯም ማስታወሻ፣ ለራሱ ይሁን ለሷ ያልለየ፣
ያለ ሰላምታ፣ ያለ መግቢያ፦
‹እስከ አፉ የሞላ ባትሪ ቶሎ ያረጃል።
ክፍት ቦታ ተዉለት። ይበቃዋል።›

ዝም አለች። የራዲያተሩ ውኃ በግድግዳው ውስጥ ሲንኳኳ ይሰማል።
ዕቃው እንግዲህ አልዋሸም፤ እውነቱን ግን አልጨረሰም፤
«አይሞላም» አለ እንጂ፣
«እንዳይሞላ አደራ የተባለ ነው» አላለም።

«ላንሣው?» አልኳት። «መቶ ይግባ?» ጣቴ ከቁልፉ ላይ ነው።
«አዎ፤ ቅዳሜ በባቡር ቫልጋ እሄዳለሁ፤ መንገዱ ረጅም ነው።»
ከዚያ እጄን ያዘችኝ።
«ቆይ። ሃያ አይደል የጎደለው?
ዐሥሩ ለኔ ይሁን። ዐሥሩን ተውለት፤ የሱ ነው።»

ዘጠና ብዬ ጻፍኩ።
መብረቋ በራች፤ ሰማንያ አንድ ሆነ፤ ማይሙ ሻርፗን አነሣች።
«መቶ እስኪሞላ አርባ ደቂቃ» የምትል መስመር
ከሥሩ ብቅ አለች።
ይህችኛዋ እንኳ የለየላት ውሸት ናት፤
ዘጠና ላይ እንደሚቆም ማንም አልነገራት።
እኔም ለማይሙ አልነገርኳት።