ዘንበል

ከፖስታ ቤት ጀርባ፣ ከፎቁ አናት ላይ፣
ውሃ ተኝቷል ሦስት ቀን፣ ሰማይ ለብሶ እንደ ሰማይ።

ከሥሩ እኔ አለሁ።
ኮርኒሴ ላይ ካርታ፣ ቢጫ ደሴት ወጥቷል፤
አልጋዬን ገፋሁት፣ ጠብታው ተከትሎኝ መጥቷል።
ሰማያዊው ሳፋ፣ የቀለም ባልዲው፣ የሕፃን ፖፖው ሳይቀር
ሁሉም ተሰልፏል ጠብታ ሊቆጥር።
ደብዳቤ ጽፌአለሁ። ማኅተም አለው፣ ቁጥር አለው፤
መልሱ ግን ከመስከረም በኋላ ነው።

ሃምሳ አለቃ ይፍሩ፣ የሕንፃው ዘበኛ፣
የድሮ ባሕረኛ፣
ምፅዋን ከተዉ ወዲህ ባሕር ያልደረሱ፣
መጥረጊያ ጨብጠው፣ ሱሪያቸውን ሰብስበው፣ ጣራው ላይ ነገሡ።
«ጣራ አትበዪው» አሉኝ፣ «ዴክ ነው የሚባል፤
ዴክ ላይ ያደረ ውሃ፣ ነገ ሆድ ይገባል።»

በእጃቸው ዳብሰው ዳብሰው ቀዳዳውን ደረሱበት፤
ቆርኪ፣ ፌስታል፣ የእርግብ ላባ፣ አንድ የልጅ ካልሲ ወጣበት።
ውሃው ትንሽ ሳቀ፤ ዞረ፤ አጉረመረመ፤
ጣት የሚያህል ሲቀረው ግን እዚያው ቀጥ ብሎ ቆመ።
ቀዳዳው ኮረብታ፣ ወለሉ ጎድጓዳ፤
ግንበኛው ያለ ውሃ ልክ ሠርቶ፣ ለእኛ አኖረልን ዕዳ።

«ሸራ ጀልባ እኮ» አሉኝ፣ መጥረጊያውን ተደግፈው፣
«ነፋስ ሲያጋድለው፣ ውሃን በጎኑ ነው የሚያሳልፈው።
ልጅ ሆነን ስንሠለጥን፣ ስንት ቀን ተገለበጥን!
ይሄ ግን ኩሩ ነው፣ ዘንበል አይልም፤
ዘንበል የማይል ነገር ውሃው አይወጣለትም።»

እኔም ደረስኩላቸው፤ ስፖንጅ፣ የተቀደደ ፎጣ፣
የቆሻሻ ማፈሻ፣ ከቤቴ ያለው ሁሉ ወጣ።
ሕንፃው እንቢ አለ። እኛ ዘንበል አልን።
እሳቸው ይገፋሉ፣ እኔ እቀዳለሁ፤
በባሕር ቋንቋ ያዝዛሉ፣ ሳይገባኝ «አቤት» እላለሁ።
ገመዱ ላይ የማን እንደሆነ ያልታወቀ አንሶላ ነፋስ ሞልቶት አበጠ፤
ከታች ረዳቱ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ሲል ድምፁ መሃል ላይ ተቆረጠ፤
ለአፍታ ከተማው ራቀ፤
ወገቤ ግን እዚሁ አዲስ አበባ ነበር፣ ጠዘጠዘኝ፣ ተሰነጠቀ።

አንድ ሳህን የምታህል ተውን፣ ለእርግቦቹ።
ሃምሳ አለቃ ጎንበስ ብለው ጣታቸውን ነከሩ፣
ቀመሱ፤ ጣታቸው ከንፈራቸው ላይ ቀረ።
«ጨው የላትም» አሉ።
በእንጦጦ በኩል ደግሞ ጠቆረ።