የስፌት መኪና

ዝናብ በማያባራ፣ በቺሎዬ ደሴት፣
ከድንች ማሳው ጀርባ፣ ባዘመመች ቤት፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዶሮ ሲጥልባት
ቆማለች ዳይሃትሱ፣ ጠያቂ ሳይኖራት።

ቀይ ነበረች አሉ። እኔ በሩን ስከፍት
መልኳ የከረመ፣ የደረቀ ጉበት።
ወንበሯ ገለባ፣ ጣሪያዋ ሻጋታ፤
አንዲት ቡላ ዶሮ፣ በሾፌሩ ቦታ፣
መሪውን ተደግፋ ሽቅብ አየችኝና
ሒሳብ እንዳነሰው ባለታክሲ ሆና
ተኮሳተረች።
አልወርድም አለች።

«ውሰዳት» አሉኝ ዶኛ ኤደልሚራ፤
«ዋጋ አትጥራብኝ። ዶሮዬን ግን አደራ።»

አዋላጅ ነበሩ።
ጀልባ በማይደርስበት፣ ጭቃ በሚውጥበት፣
ምጥ በሌሊት ሲጠራ በዚህች ነው የሮጡት።
ኋላ ጉልበታቸው ላይ ብረት ገባበትና
ቁልፉን ከሚስማር ላይ ሰቀሉት፣ በቃና።

ኤሊሴዎ መጣ፣ ያ ባለ ፒካፑ፣
ጎማው ከደረቴ የሚስተካከለው።
ኮፈኗን ገለጠ፤ ሆዱን ይዞ ሳቀ።
«ሮሳሜል፣ አበድክ ወይ? ሦስት ፒስተን ብቻ?
ይቺ የስፌት መኪና እንጂ የመንገድ መች ሆነች?»
አልመለስኩለትም።
ድስት የሚጣደው ግን በስንት ነው ጉልቻ?

እጄን ያሟሸሁት በጀልባ ሞተር ነው፤
በናፍጣ ያደገ ቤንዚን ይከብደዋል፣
ትንሽ ብሎን ሲይዝ ጣቱ ይወፍራል።
ሳልቫታዮውን አወረድኩ፤ የቀረው ነዳጅ
ቫርኒሽ ሆኖ ረግቷል፣ ይሸታል እንደ ጠጅ።
ካንዴላዋን ፈትቼ፣ በየቀዳዳዋ
ዘይት ጠብ አደረግኩ፣
ጆሮው እንደ ታመመ ሕፃን አስተኛኋት።
በነጋታው በመፍቻ ሳዞራት እምቢ አለች።
በማግስቱም እምቢ።
በአራተኛው ቀን
የጸጉር ያህል ዞረች።
(ጮኬ ዶሮዋን አስደነገጥኳት።)

ካርቡራተሯን በጥርስ ብሩሽ አጠብኩ።
ብሩሹ የሚስቴ ነው። እስካሁን አልነገርኳት።
አየር ማጣሪያው ውስጥ አይጥ ጎጆ ሠርታ፣
የአዋላጇን መዝገብ በጥርሷ ቀዳድታ፤
ከቅዳጁ አንዱ ላይ እንዲህ ይነበባል፦
«ወንድ። ሦስት ኪሎ። ዝናብ።»

ለታላላቆቹማ ስንቱ ፎቶ ሰቀለ፣
ባለ ስምንት ፒስተን እያለ፣ እያለ።
ይቺን በርካሽ ገዙ፣ በርካሽ አረጇት፤
በአንድ ሊትር ሃያ ኪሎ ሜትር ስትሮጥ
ማን «ጎሽ» አላት?
አልራባትም እንጂ ብትራብ በተዘመረላት።

ባትሪ ከጀልባዬ ተበድሬ መጣሁ፤
ቁልፉን ከሚስማሩ አውርጄ አስገባሁ።
ሞተሪኖው አቃሰተ።
አንዷ ፒስተን ሳለች፤ ሁለቱ አኮረፉ።
ሁለተኛዋ ነቃች።
ሦስተኛዋ፣ ቀልዱ ዘግይቶ እንደ ገባው ሰው፣
ቆይታ ቆይታ ሳቀች።
ጥቅ ጥቅ ጥቅ ጥቅ…
እውነቱን ነው ኤሊሴዎ።
የስፌት መኪና ነች።

ዶኛ ኤደልሚራ ድምፁን ሰምተው መጡ፣
ከዘራውን ጥለው ከጎኔ ተቀመጡ።
አልተደነቁም። «ሦስተኛ ስታስገባ
ትንሽ ወደ ግራ፤ ትግደረደራለች»
አሉኝ፣ እንደ ትናንት።
ዳገቱን ወጣነው በሠላሳ ፍጥነት።
ፍሬኗ ግማሽ ነው፣ ማሞቂያዋ ሞቷል፣
መስኮቷ አይዘጋም፣ ዝናቡ ይገባል፤
እሳቸው በእርጥብ ጣት ደጃፍ ይቆጥራሉ፦
«እዚህ ሁለት። እዚያ መንታ። ከድልድዩ ማዶ
ያ ባለ ፒካፑ፣ በእግሩ የመጣው፣ ግትር።
እዚህ ደግሞ…»
ከሰማያዊው በር ፊት ዝም አሉ።

እኔም አልጠየቅኩም።
እሷ ብቻ ቀጠለች፣ መንደር ከመንደር፣
ጭቃውን እንደ ጨርቅ፣ መንገዱን እንደ ክር፣
ጥቅ ጥቅ ጥቅ ጥቅ።

ስንመለስ ዶሮዋ ደጅ ቆማ ጠበቀችን።
ሞተሩን አጠፋሁ።
በሾፌሩ በኩል በሩን ከፈትኩላት።