የመስታወት ጠጋኝ

ሱቄ ጠባብ ናት፤ ፒያሳ፣ ከደረጃው ሥር፣
አንድ ደንበኛ ሲገባ እኔ ነኝ የምቆም ከበር።
የጦሳ ጉም ሲወርድ፣ ሐምሌ ሲበረታ፣
በቀትር አምፖል አብርቼ ነው ብሎን የምፈታ።
ሙያዬ መስታወት ነው፤ የተሰነጠቀ መቀየር፤
ያሠለጠነኝ ሰው
«ብርጭቆውን እንጂ ከሥሩ ያለውን አትይ» ይለኝ ነበር።

ማክሰኞ ጋሽ ደርበው መጡ፣ ስልካቸውን በመሐረብ ጠቅልለው፤
ሰኞ ገበያ እህል የሚመዝኑት፣
ሚዛን ሲያዘነብል ለገዢ የሚያደሉት ሰው።
ሲናገሩ ዝቅ፣ ሲራመዱ ዳር ዳር፣
ውሻ ከደጅ ቢተኛባቸው ዞረው የሚያልፉ በአጥር።
«አብሽር ሙሄ፣ አልቸኩልም» አሉ፤ ከሳጥኔ ላይ ተቀመጡ፤
የእናቴን ጉልበት ጠየቁኝ፤
ለእሷም በላስቲክ የተቋጠረ ማር ከኪሳቸው አወጡ።

አዲሱን ብርጭቆ አለበስኩት፤ ስልኩ ነቃ፣ ተርገፈገፈ፤
መልእክት በመልእክት ላይ እንደ ክረምት ቦርከና ጎረፈ።
አላይም ብዬ ነበር፤ ዓይኔ ግን ምክር ረሳ፣
ከላይ፣ በትልቁ፣ ተጽፎ አገኘ፦ «ነብሩ ዘጦሳ»።

ነብሩን ማን የማያውቅ? ጥርሱ ከሰው አጥንት የማይወጣ፣
ሰባት ሺህ ተከታይ ያለው፣ በእኩለ ሌሊት የሚቆጣ፤
ከንቲባውን የሚሰድብ፣ ዘፋኟን፣ የበረኛውን ኮፍያ፣
እኔንም በጥር «አስመሳይ! ዘንግህን ይዘህ ጥፋ ወዲያ»
ያለኝ እሱ ነው።

እኔን ማለቴ፣ ሌላውን እኔን። አዎ፣ እኔም ሌላ አለኝ፤
«አባ ይቅርታ» ይሉታል፤ ፎቶው የሽማግሌ እጅ፤
ዘንግ ያስያዝኩት፣ ዕድሜ የጨመርኩለት እኔ ነኝ።
ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ሌሊት ሌሊት፣ ከሱቁ ጀርባ፣ በጨለማ፣
«ቂም ነቀዝ ነው፤ ጎተራህን ጥረግ» እላለሁ፣ አገሬው እንዲሰማ።
ከወንድሜ ከእብሬ ግን ከተነጋገርን ሁለት ዓመት ከአራት ወር፤
ሐይቅ ነው ያለው፤ በሚኒባስ አንድ ሰዓት የማይሞላ አገር።
ስለ አባታችን የስፌት መኪና ነው። ፔዳሉ እንኳ የማይዞር።

ጋሽ ደርበው ፊቴን አዩ። ያየሁትንም አወቁ።
አልተቆጡም። እስከ ጆሯቸው ቀሉ፤ መሬት መሬት አዩ፤ ጥቂት ሳቁ።
«ቀን ሙሉ ‹እሺ ጌታዬ› ስል እውላለሁ» አሉ፤ «ማታ አንጀቴ አይተኛም፤
ያ ሰውዬ ጥርስ አለው። እኔ ግን ታውቀኛለህ፤ ዝንብ አልነካም።
ያንን አባ ይቅርታ የሚሉትን እንኳ ሰድቤው፣ ስልኬን አጥፍቼ፣
የጻፈውን አደረግሁት፤
ከአሰገደች ደጅ ሄድኩ በሌሊት፣ ጫማዬን እንኳ ረስቼ።
ዘጠኝ ወር አኩርፋኝ እህቷ ቤት ነበረች፤
ይኸው፣ ማሩንም ‹ለሙሄ እናት› ብላ የቋጠረች እሷ ነች።
ሰውዬውን ብታውቀው ንገርልኝ፤ እኔ አፍራለሁ።»
«አላውቀውም» አልኩ።
ውሸት አልነበረም። እኔም እስካሁን እፈልገዋለሁ።

መቶ ብር ልቀንስ አልኩ፤ እምቢ አሉ፤ ሞልተው ከፍለው ሄዱ፤
ጭቃውን እየመረጡ፣ ለባጃጅ እየቆሙ፣
ለሁሉ እያጎነበሱ ወረዱ።

በዚያች ሌሊት የእብሬን ቁጥር አወጣሁ፤ ጣቴ ከላዩ ቆመ፤
«ሀሎ» ማለት እንዴት እንደሆነ ጠፋኝ፤ ጉሮሮዬ ተከረቸመ።
ስለዚህ ጻፍኩ። ስለ ወንድም። አቤት ሲያምር! አቤት ሲፈስ!
«የፊቱ ሲዘጋ ወንድም የጓሮ በር ነው» አልኩ፤
እኔው ጽፌ እኔው ሳለቅስ።

ሲነጋጋ አራት መቶ ልብ ተደርድሮ አገኘሁ፤
ከሥሩ የተጻፈውን አንዱን ግን፣ ብሎን መፍቻዬን እንደያዝኩ፣ ደጋግሜ አየሁ።
ፎቶው የሐይቅ ታንኳ፤ ስሙ እውነተኛ፤ እብሬ፣ የእናቴ ልጅ፤
«አባ ይቅርታ» ይላል፣ «ከሩቅ ልሳምዎ ያንን እጅ።
እኔም ወንድም አለኝ፤ ደሴ ነው፤ ስልክ ጠጋኝ፤ አንደበቱ ድንጋይ፤
ምነው አላህ ለእርስዎ የሰጠውን ልብ
ለእሱም ሰጥቶት ባይ።»